«እዚያ መስታወት ላይ ስለኔ ምን ይላል?» የእማማ ካርድ በማን እጅ ነው?

ዛሬ የፍቅር ጥያቄ አላነሳም። ሰሞኑን የደረሰኝ አንድ ደብዳቤ አላስተኛኝ ስላለ ገጹን ሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። «የባሕር ማዶ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ወይም እስራኤል ሄዳ አረጋውያን ስትጦር የምትውል እህት፣ የአክስት ልጅ፣ ካልሆነም የሰፈር ጓደኛ የሌለው ከመካከላችሁ ማነው? እኔ ብቻ ሦስት አውቃለሁ።

ጸሐፊዋ እንግሊዝ አገር የምትኖር የ26 ዓመት ወጣት ናት። ስሟንም ከተማዋንም አላወጣም። እንዲህ ትላለች፦

«...የምሠራው ኬር ሆም ውስጥ ነው። እዚህ አገር ሰው አርጅቶ ራሱን መርዳት ሲያቅተው የሚገባበት መጦሪያ ማለት ነው። ሥራችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ማናጀሯ ጠራችኝና ‹አንቺ ታማኝ ነሽ፣ ኮምፒዩተርም ትችያለሽ› ብላ የነዋሪዎቹን የሕክምና ካርድ በኢንተርኔት የማይበትና መድኃኒት የማዝበት ፈቃድ አሰጠችኝ። በስሜ የተከፈተ ነው፣ የራሴ ፓስወርድ አለው። እውነቱን ለመናገር ኩራት ተሰማኝ።

እኛ ቤት አንዲት ሀበሻ እናት አሉ። ሰማንያን አልፈዋል። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ነው፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የጤፍ ዋጋ በብር ከሳንቲም ይነግሩኛል። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የሚያስተረጉምላቸው ወንድ ልጃቸው ነው። አንድ ቀን መድኃኒት ላዝላቸው ካርዳቸውን ብከፍተው የበሽታቸው ስም ተጽፎ አየሁ። ክው አልኩ። እሳቸው የሚያውቁት ‹ትንሽ የጨጓራ ነገር ነው› ተብለው ነው። ልጃቸውን ብጠይቀው ‹አደራሽን እንዳትነግሪያቸው፣ ከሰሙ በድንጋጤ ነው የሚሞቱብን› አለኝ። ደግሞ ካርዳቸውን እንድናይ የሚፈቅደውን ፎርም የፈረመው እሱ ነው ለካ።

ሌላም አለ። የሌሊት ፈረቃ የምትገባ ጓደኛዬ ‹የኔ እስኪከፈት ፓስወርድሽን ስጪኝ› እያለች ትነዘንዘኛለች። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደግሞ ‹እትዬ እንትና ምን ሆነው ነው? አንቺ እኮ ታውቂያለሽ› የማይለኝ የለም። ይሄን ሁሉ እንደምንም እችለዋለሁ። ያቃተኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው ማክሰኞ መድኃኒታቸውን ሳቀብላቸው እጄን ያዝ አደረጉና ‹ልጄ፣ እዚያ መስታወት ላይ ስለኔ የተጻፈውን ታነቢያለሽ አሉ። እስቲ ምን ይላል?› አሉኝ። ‹ደህና ነዎት ይላል› ብዬ ወጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ምን ላድርግ?»

ደብዳቤው ይኸው ነው። እኔ ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የአገሩን ሕግና መመሪያ አገላብጫለሁ፣ እዚያው በነርስነት የምትሠራ እህትም ጠይቄያለሁ።

ቁልፉ ለምን ተሰጠ?

እኛ አገር ሆስፒታል የሄደ ሰው ካርድ ክፍልን ያውቀዋል። ቁጥር የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት በመስኮት ታቀብላለህ፣ ግማሽ ቀን ትጠብቃለህ፣ መጨረሻ ላይ «ካርዱ ጠፍቷል፣ አዲስ አውጣ» ትባላለህ። አዲስ ካርድ ማለት ደግሞ አዲስ ሰው መሆን ነው፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማህ የተጻፈው፣ ያለፈው ዓመት ቀዶ ጥገናህ፣ ሁሉም ከአሮጌው ካርድ ጋር ይቀራል።

እንግሊዝ አገር የሰው ካርድ የሚቀመጠው «ጂፒ» በሚሉት የአካባቢ ሐኪም ዘንድ ነው። መጦሪያ ቤቶቹ ግን አብዛኞቹ የግል ድርጅቶችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ስለሆኑ ለብዙ ዘመን ካርዱን አያዩም ነበር። አዛውንቷን ቀን ከሌሊት የምታገላብጣት ልጅ ስለ በሽታዋ የምታውቀው ሰዎች የነገሯትን ያህል ብቻ ነው። መድኃኒት የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ በ28 ቀን አንዴ ነው። ዝርዝሩ በወረቀት ተጽፎ በእጅ ወይም በፋክስ ወደ ጂፒው ይላክ ነበር፣ ከዚያ ወደ ፋርማሲ፣ የጎደለ ሲኖር ደግሞ ስልክ ማንሳት ነበር... ስልኩ ቶሎ ከተነሳ!

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በእንግሊዝ 55 መጦሪያ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ 256 አረጋውያንን ተመልክቶ ነበር። በአማካይ እያንዳንዳቸው 8 ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ። ከ256ቱ 178ቱ ላይ ቢያንስ አንድ የመድኃኒት ስህተት ተገኘ። ከመቶ ሰባው ማለት ነው! አብዛኛው ስህተት ከባድ ጉዳት የሚያደርስ አልነበረም፤ ቢሆንም የምክንያቶቹ ዝርዝር ራሱ ያስተክዛል። ሐኪሙ ነዋሪዎቹን አያውቃቸውም፣ ሲያዝ በቂ መረጃ አጠገቡ የለም፣ የማዘዣው አሠራር የተንዛዛ ነው፣ ብዙው ነገር የሚተላለፈው በአፍ ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና መጣ። መጦሪያ ቤቶቹ በራቸውን ዘጉ፣ ሐኪሞቹም በስልክና በቪዲዮ ሆኑ። በዚያው ሰሞን የአገሪቱ የጤና አገልግሎት (ኤን ኤች ኤስ የሚሉት) የመጦሪያ ቤት ሠራተኞች በነዋሪው ስም ሆነው መድኃኒት በኢንተርኔት የሚያዙበትን መመሪያ አወጣ። «ፕሮክሲ» ይሉታል። በኛ ቋንቋ ውክልና ነው። ሠራተኛዋ ኮምፒዩተሩን ትከፍታለች፣ የነዋሪውን ስም ትመርጣለች፣ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ምልክት አድርጋ ትልካለች። ጂፒው አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። መጠኑን መቀየርም ሆነ አዲስ መድኃኒት መጨመር አትችልም። ከዚያም ወዲህ አንዳንድ ቤቶች በሚጠቀሙበት የራሳቸው ፕሮግራም በኩል የጂፒውን ካርድ ለማንበብ ብቻ ማየት ጀምረዋል።

በኔ በኩል ይሄ መልካም ነገር ነው፣ አልደብቅም። እኚህ እናት ዓርብ ማታ ከሆስፒታል ሦስት አዲስ መድኃኒት ይዘው ቢመለሱ፣ እንግሊዝኛ አይችሉ፣ ልጃቸው ስልክ አያነሳ፣ «ይሄኛው ክኒን ያሳክከኛል» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? ካርዱ ላይ «አለርጂ» የሚለውን መስመር ያነበበች ልጅ ነፍስ ልታድን ትችላለች። እንግዲህ ከዚህ ተነስተን ወደ ጣጣው እንግባ።

ፓስወርድ የሚዋሰው ማነው?

ይሄን ቶሎ ልጨርሰው። አትስጪ! በቃ። መመሪያው እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ እንዲኖረው፣ ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያው እንዲዘጋ ያዛል። ኮምፒዩተሩ ማን፣ የማንን ካርድ፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተ ይመዘግባል። ጓደኛሽ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የማይመለከታትን ካርድ ብትከፍት የሚጻፈው ያንቺ ስም ነው። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርመሽ ለሰው ትሰጫለሽ? ይሄም እሱ ነው። በ2018ቱ የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ አውቆ የሰውን መረጃ መውሰድ ወይም አሳልፎ መስጠት በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የገንዘብ ቅጣት ብቻ አይምሰልሽ፤ ሥራሽም አብሮ ይሄዳል። ለጓደኛሽ «ማናጀሯ ያንቺን ታስከፍትልሽ፣ አብረን እንጠይቃት» በያት። ብታኮርፍ ለሁለት ቀን ነው።

ለቤተ ክርስቲያኑ ጥያቄ ደግሞ ተጠንቀቂ። የሀበሻው ማኅበረሰብ ትንሽ ነው፣ ዝምታሽንም ይተረጉሙታል። ፊትሽን ቀጨም አድርገሽ «እግዜር ይርዳቸው» ካልሽ እኮ ነግረሻቸዋል! ሰኞ ሳይደርስ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማል። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይኑርሽ፦ «ሄዳችሁ ብትጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል፣ ስለ ጤናቸው ከራሳቸው ስሙ።» ለጤነኛውም ለታማሚውም ይህንኑ ከመለስሽ ማንም ከመልስሽ የሚለቅመው ነገር አይኖርም።

እግረ መንገዴን፣ እህቴ አትቆጪኝ፤ የበሽታውን ስም ለኔም መጻፍ አልነበረብሽም። እኔ ማነኝ? ጋዜጣ ነኝ! ያንን ገጽ ቀድጄዋለሁ፤ ጋዜጣው ቢሮ ውስጥም ያየው የለም። ለሌላ ሰውም በዋትስአፕ ጽፈሽ ከሆነ አጥፊው፤ መስታወቱን በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ከሆነም እንዲሁ።

ፎርሙን ልጁ ለምን ፈረመ?

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ይሄ ነው። ውክልና የሚሰጠው ማነው? ባለቤቱ ነዋ! ቤቴን እንዲያከራይ ወንድሜን ብወክል የምፈርመው እኔ እንጂ ወንድሜ አይደለም። የእንግሊዝ ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የመወሰን ችሎታ ሕግ፣ አዋቂ የሆነ ሰው ሁሉ አለመቻሉ እስካልተረጋገጠ ድረስ ስለ ራሱ መወሰን እንደሚችል ይቆጠራል ይላል። ማርጀት አለመቻል አይደለም። እንግሊዝኛ አለማወቅም አለመቻል አይደለም። የጤፍን ዋጋ በሳንቲም የሚያስታውሱ እናት ምን ይሳናቸዋል?

የመርሳት በሽታ ጠንቶበት መወሰን ላቃተው ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ለሱ የሚበጀው ምን እንደሆነ ተመክሮ ይወሰናል፤ ወይም ገና ደህና እያለ በሕጋዊ መንገድ ስለ ጤናው እንዲወስንለት የወከለው ሰው ካለ እሱ ይወስናል። «የበኩር ልጅ ነኝ»፣ «የቅርብ ዘመድ ነኝ» ማለት ብቻውን ግን እዚያ አገር የሰውን ካርድ የማየት መብት አያሰጥም። ይሄ ለኛ ሰው ይከብዳል። እኛ ዘንድ አባት ሲታመም ካርዱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ክፍል የሚገባው ልጅ አይደል? አባትየው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃል።

ስለዚህ ማናጀሯን አነጋግሪ። እንዲህ በያት፦ «እኚህ እናት አእምሯቸው ደህና ነው፤ ካርዳቸውን ማየታችንን ግን ራሳቸው አልተጠየቁም። በአስተርጓሚ ተነግሯቸው ራሳቸው ይወስኑ።» በኢሜይል ጻፊው፣ በሥራ ኢሜይል፣ የነዋሪዋን ሙሉ ስም ሳትጠሪ። ጠይቀዋቸው «አልፈልግም» ቢሉስ? መብታቸው ነው። መድኃኒቱ በድሮው መንገድ ይታዘዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጂፒው ፈቃዱን ሲሰጥ ልኩን ይወስናል። መድኃኒት ማዘዝ ብቻ ሊፈቀድልሽ ይችላል፣ ካርዱን ማየትም ሊጨመርበት ይችላል። ነርሷ እህት እንደነገረችኝ አንዳንድ ቤት «ለሁሉም ይሁን» ተብሎ ሰፊው ይጠየቃል። ይሄ ለኔ ደስ አይልም። ሥራሽ ክኒን ማዘዝ ከሆነ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተጻፈ ምስጢር ምን ያደርግልሻል? ሸክም ብቻ ነው። ለሥራሽ የማያስፈልግሽን እንዲቀንሱልሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

ሥራሽን ፈርተሽ ዝም እንዳልሽ ከመስመሮቹ መካከል አንብቤዋለሁ። ቪዛሽ ከአሠሪሽ ጋር የተያያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ለዚህ ሥራ አዲስ ሰው ከውጭ ማስመጣት ቆሟል። ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን አስቢው፤ ነገ ጉዳዩ ቢጣራ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚገኘው የማናጀሯ ስም አይደለም፣ ያንቺ ነው። ዛሬ የጻፍሽው ኢሜይል ያኔ ምስክርሽ ይሆናል።

መርዶ እንዴት ይነገራል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣሁ። «ልጄ፣ ምን ይላል?» ላሉት።

ልጃቸውን ክፉ ሰው አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። እናቱን ይወዳል። ስንቶቻችን ቤት ነው «ለእማዬ እንዳትነግሩ» ተብሎ ሹክሹክታ የዋለው! አጎቴ ሲሞት እኛ ቤት የበሽታውን ስም የማያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር። በፍቅር ነው የምንደብቀው። በፍቅር ደብቀን ግን ምን እንደምንወስድባቸው አናስብም። ምናልባት እኚህ እናት ንስሐ አባታቸውን ማግኘት ይፈልጉ ይሆናል። ኑዛዜ መናዘዝ፣ ያኮረፉትን ወንድም መታረቅ፣ «አጥንቴ አገሬ ይግባ» ማለት ይፈልጉ ይሆናል። ለጨጓራ ብሎ ይሄን ሁሉ የሚያደርግ ሰው የለም።

ታዲያ ልንገራቸው ነው? አይደለም!

የኛ ሰው መርዶ መንገር ያውቅበታል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ሰውየው ብቻውን እያለ አይነገርም። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎችና የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ። ለምን? ወድቆ እንዳይጎዳ የሚደግፈው እንዲኖር ነው። የከባድ በሽታ ዜናም ያው ነው። ክኒን በያዘ እጅ፣ ሌላ ነዋሪ ደወል እየደወለ፣ ከመስታወት ላይ ተነቦ አይነገርም። አንቺ ሐኪም አይደለሽም፤ «ይድናል ወይ? ስንት ጊዜ አለኝ?» ብለው ቢጠይቁሽ ምን ትመልሻለሽ? ካርድ ላይ የተጻፈ ቃል ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ «ይጠረጠራል» ተብሎ የተጻፈም አለ፣ ተሽሮ ያልተሠረዘም አለ።

ግን መርዶም ቢሆን መጨረሻው ይነገራል። ዓመት ሙሉ መርዶ የተደበቀበት ሰው «ለምን ደበቃችሁኝ?» ብሎ ቂም ሲይዝ አይታችሁ የለ?

ስለዚህ «ደህና ነዎት ይላል» የሚለውን ሁለተኛ አትድገሚው። ዳግመኛ ሲጠይቁሽ፣ መጠየቃቸው ደግሞ አይቀርም፣ አጠገባቸው ቁጭ በይና እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ እኔ እዚያ የማየው መድኃኒትዎን ለማዘዝ ነው። ስለ በሽታዎ ማስረዳት የሐኪሙ ሥራ ነው፣ እኔ ልሳሳትብዎት እችላለሁ። ሐኪሙ በአማርኛ አስተርጓሚ ቁጭ ብሎ እንዲያስረዳዎት ልጠይቅልዎት?»

«አዎ» ካሉ ያሉትን ቃል በዕለቱ መዝገብ ላይ እንዳሉት ጻፊው፤ ለነርሷ ወይም ለማናጀሯ ንገሪ፤ ጂፒው ባለሙያ አስተርጓሚ ይዞ እንዲያነጋግራቸው ይጠየቅ። አስተርጓሚው ለታማሚው በነጻ ነው፣ ኤን ኤች ኤስ ነው የሚከፍለው። ልጃቸው አያስተረጉም። አንቺም አታስተርጉሚ። «አማርኛ ትችል የለ፣ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?» ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ፤ አንቺ እዚያ ከተገኘሽ እሳቸው ፈቅደው እጃቸውን ለመያዝ ብቻ ይሁን።

ሐኪሙስ ልጁን ሰምቶ ዝም ይል ይሆን? የአገሩ ሐኪሞች የሚተዳደሩበት መመሪያ ከበድ ያለ ጉዳት ያመጣል ተብሎ ካልታመነ በቀር ለታማሚው መረጃ እንዳይደበቅ ያዛል። «ያዝናሉ» ወይም «መድኃኒት እምቢ ይላሉ» ማለት ደግሞ እንደ ጉዳት አይቆጠርም። «በድንጋጤ ይሞታሉ» የሚለውንም ሐኪሙ ራሱ ይመዝነው እንጂ በልጁ ቃል ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

«አይ ልጄ፣ ተይው፣ ልጄ ይወቀው» ቢሉስ? ይሄም ይሆናል። አውቀው ሳይጠይቁ የሚኖሩ ስንት እናቶች አሉ! አለማወቅን መምረጥም የሳቸው ፈንታ ነው። ያኔም ቢሆን «ልጄ ይወቀው» ማለታቸው በራሳቸው አፍ ለሐኪሙ ይነገርና ካርዱ ላይ ይጻፍ።

ልጁን አንቺ ብቻሽን አትጋፈጪው። ማናጀሯ ትንገረው፤ እናቱ ከፈቀዱ ማለቴ ነው። አንቺን ቢያፋጥጥሽ «ጋሼ፣ እኔ አልነገርኳቸውም፣ አልነግራቸውምም። ግን ጠይቀዋል፤ ስለ ጠየቁ ደግሞ አልዋሻቸውም» በዪው። ይቆጣል። ይቆጣ።

እዚህ አገር ላላችሁ ደግሞ፣ «የኛ ካርድ ክፍል ከዚህ ምን ያገናኘዋል?» አትበሉ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እኛም አለን፤ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ያስገባዋል። የሐኪም ቤት ጸሐፊ የሆነች ጓደኛችሁ «እንትና እኮ ትናንት እኛ ጋ መጥታ...» ብላ ስትጀምር ሻይ አስመጥታችሁ ጆሯችሁን አትስጧት።

እህቴ፣ ስብሰባው ተደርጎ እናትየዋ ከተነገራቸው በኋላ እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልኝ። ስለ እሳቸው ሳይሆን ስላንቺ። ደግሞ በዚህ ሳምንት ሳይመሽብሽ ፓስወርድሽን ቀይሪ፤ ጓደኛሽ ስትጽፊ ከጀርባሽ ቆማ ታውቅ ይሆናል።